በአየርላንድ ሐይቆች መሃል አራት ቀን በብስክሌት፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «በፍራንክፈርት የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜና እሁድ በማይን ወንዝ ዳር 80፣ አንዳንዴም 100 ኪሎ ሜትር እንነዳለን። በሰኔ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች ጁን አጋማሽ፣ አራት ቀን ይዘን ወደ አየርላንድ የሐይቅ አገር ልንሄድ ነው። ኪንግፊሸር የሚባለውን የብስክሌት መስመር አውርደናል። ፋይሉ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ስለሚያሳይ በቀን 120 እየነዳን እንጨርሰዋለን ብለናል። አገሩ ሐይቅ በሐይቅ ስለሆነ ሜዳ ነው፣ መንገዱም ከውኃ ዳር አይወጣም ብለን እናስባለን። ጎማችን 25 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው ትልቁ ጥርስ 28 ነው። ሁለታችን የጀርመን ፓስፖርት አለን። ሦስተኛው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለው። ዕቅዱ ያስኬዳል? የሰኔን ጾም ስለምንጾም የምግቡስ ነገር እንዴት ይሆናል?»

ምላሽ፦ ዕቅዱ እንዳለ አያስኬድም። ኪሎ ሜትር መቀነስ ብቻውንም አያድነውም፤ ስለ አገሩ የያዛችሁት ግምት ራሱ የተሳሳተ ነውና። አስቀድሞ ግን በጉልበትም ሆነ በገንዘብ በመጨረሻው ሰዓት የማይፈታውን ጉዳይ ላንሣ፤ ድንበሩን።

ኪንግፊሸር በስምንት ቁጥር ቅርጽ የተዘረጋ መስመር ነው። ሊትሪምን፣ ካቫንንና ፈርማናን ይዞ አጎራባች አውራጃዎችንም ይነካል። ሊትሪምና ካቫን በአየርላንድ ሪፐብሊክ ውስጥ ናቸው፤ ፈርማና ግን በሰሜን አየርላንድ፣ ማለትም በዩናይትድ ኪንግደም ግዛት ነው ያለው። ስለዚህ መስመሩ ድንበሩን ደጋግሞ ይሻገራል። በመሻገሪያው ላይ ኬላ የለም፤ በትንንሾቹ መንገዶች ላይ ብዙ ጊዜ ሰሌዳም የለም። መሻገራችሁን የምታውቁት አስፋልቱን አይታችሁ ነው፦ በሪፐብሊኩ የመንገዱ ጠርዝ የተቆራረጠ ቢጫ መስመር አለው፣ በሰሜኑ መስመሩ ነጭ ይሆናል። የፍጥነት ሰሌዳውም ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ይለወጣል። ይህን ያላስተዋለ ሰው በሰሜን በኩል 60 የሚል ቁጥር አይቶ መኪናው በዝግታ የሚመጣ ይመስለዋል፤ 60 ማይል ግን ወደ 97 ኪሎ ሜትር ነው።

«ኬላ ከሌለ ማን ይጠይቃል» የሚል ሐሳብ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤቱ ጓደኛችሁ አደገኛ ነው። አየርላንድ የሸንገን አባል አይደለችም፤ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ዱብሊን ላይ አያስገባውም። የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። ያን ካገኘ በኋላም ወደ ፈርማና ለመሻገር የብሪታንያ ቪዛ ለብቻው ያስፈልገዋል። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የጋራ የጉዞ ቀጠና በነጻ የመንቀሳቀስ መብት የሰጠው ለአየርላንድና ለብሪታንያ ዜጎች ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የአየርላንድ ቪዛ ይዞ ድንበሩን የተሻገረ ሰው ደግሞ ከሪፐብሊኩ እንደወጣ ይቆጠራል፤ በዚያው ቪዛ ተመልሶ መግባት አይችልም። ኬላ ባይኖርም በአውቶቡስና በባቡር ላይ የሚደረግ ድንገተኛ ፍተሻ አለ። አንድ ሰው ከብስክሌት ወድቆ ሆስፒታል ሲገባ የሚነሣው የኢንሹራንስ ጥያቄም ቀላል አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ የቤተሰብ አባል ሆኖ በዚያ መሠረት የተሰጠ ካርድ ያለው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ከሆነ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ቃል አንብቦ ከኤምባሲው ያረጋግጥ።

እናንተ ሁለታችሁም በባዶ እጅ አትሻገሩም። ከኤፕሪል 2 ቀን 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ወደ ዩናይትድ ኪንግደም ለመግባት ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ አስቀድመው ማውጣት አለባቸው። የጀርመን መታወቂያ ካርድ ብቻ ይዞ መግባት ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ከኦክቶበር 2021 ወዲህ ቀርቷል፤ ፓስፖርት ያዙ።

ሁለተኛው ስሕተት «ሐይቅ ስላለ ሜዳ ነው» የሚለው ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግግሩ ሲያፈገፍግ ድራምሊን የሚባሉ፣ እንቁላል በቅርጫት እንደተደረደረ ያሉ ጉብታዎችን ትቶ ሄደ። ውኃው በመሃላቸው ተኝቶ ሐይቅ ሆነ። በላይኛው ሎኽ ኧርን ላይ የምታዩዋቸው ደሴቶች ራሳቸው ግማሽ አካላቸው የሰጠመ ጉብታዎች ናቸው። ሎኽ በአገሩ ቋንቋ ሐይቅ ማለት ነው። እንግዲህ ሐይቅ በበዛበት ጉብታ በዝቷል ማለት ነው። የገጠሩ ትንንሽ መንገድ ደግሞ ጉብታውን ዞሮ አይሄድም፤ ብዙውን ጊዜ በአናቱ ላይ ወጥቶ ይወርዳል።

አንዱ ጉብታ ከ20 እስከ 40 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ለብቻው ሲታይ የሚናቅ ነው። ነገር ግን በ60 ኪሎ ሜትር ውስጥ 30 ጉብታ ብታገኙና እያንዳንዱ 25 ሜትር ቢሆን 750 ሜትር ወጥታችኋል። አብዛኛው ዳገት ከ300 ሜትር ርዝመት አያልፍም፤ ተዳፋቱ ግን ከ8 እስከ 12 በመቶ ይደርሳል። እንጦጦን የወጣ ሰው አንድ ረጅም ዳገት ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፦ ምቱን ይይዛል፣ ትንፋሹን ያስተካክላል፣ ይወጣል። እዚህ ምት የሚባል ነገር የለም። ሁለት ደቂቃ ትገፋላችሁ፣ አርባ ሰከንድ ትወርዳላችሁ፣ ታች ላይ መታጠፊያ ስላለ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ ያገኛችሁት ፍጥነት ይባክናል፣ እንደገና ከዜሮ። በወንዝ ዳር በሰዓት 27 የሚነዳ ሰው እዚህ 20 ቢያገኝ ጥሩ ነው። የስልክ ካርታ የሚሰጠውን የከፍታ ድምርም አትመኑት፤ ትንንሽ ጉብታዎችን ጠፍጥፎ ስለሚቆጥር ከእውነቱ አሳንሶ ነው የሚያሳየው።

በዚህ ስሌት በቀን 120 ኪሎ ሜትር ማለት ምሳን፣ ዝናብንና የተነፈሰ ጎማን ሳይጨምር ስድስት ሰዓት ፔዳል ላይ መሆን ነው። አንድ ቀን ይቻላል። አራት ቀን በተከታታይ፣ ሻንጣ ተጭኖ፣ ማታ የተያዘ ማረፊያ ለመድረስ እየተሯሯጡ ግን ሐይቁን ለማየት የሚተርፍ ጊዜ የለም።

ሦስተኛው፣ መንገዱ ከውኃ ዳር አይወጣም የሚለው ነው። የሐይቆቹ ዳርቻ አብዛኛው የገበሬ የግል መሬት ነው፤ እንደ ማይን ወንዝ ዳር የተያያዘ የሕዝብ መንገድ የለውም። መንገዱ ከውኃው 200 ሜትር ርቆ እየሄደም በሁለቱም በኩል ከሰው ቁመት በላይ ያደገ የእሾህ አጥር አለ። ጁን ላይ ቅጠሉ ጠግቦ ስለሚቆም ግድግዳ ነው። በካርታ ላይ ውኃን ሰንጥቆ የሚያልፍ የሚመስለው የቦዋ ደሴት መንገድ እንኳ፣ ከሁለቱ ጫፍ ድልድዮች በስተቀር፣ የሚያሳያችሁ የግጦሽ መስክ ነው። ሐይቅ በደንብ የሚታየው ከከፍታ ነው። ስለዚህ መንገድ ስትመርጡ ለውኃው ቅርብ የሆነውን ትታችሁ አንድ ጥሩ ዳገት ያለበትን ምረጡ።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። የፊት ትንሹ ጥርስ 34 እንደሆነ ልቁጠረው። በ34 እና በ28 ጥርስ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ለማዞር በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ አለባችሁ። ብስክሌቱን ጨምሮ 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ12 በመቶ ዳገት ላይ ለዚያ ወደ 265 ዋት ያስፈልገዋል። የኋላው ጥርስ 34 ቢሆን በዚያው የፔዳል ፍጥነት በሰዓት ሰባት ተኩል ይሄዳል፤ የሚጠየቀውም ወደ 220 ይወርዳል። ልዩነቱ በመጀመሪያው ጉብታ ላይ አይታወቅም፣ በሃያኛው ላይ ጉልበት ይፈታል። ስለዚህ የኋላውን ጥርስ በ11–34 (ትንሹ 11፣ ትልቁ 34) ቀይሩ፤ ቢያንስ በ11–32። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የኋላ ማርሽ ቀያሪያችሁን ተመልከቱ፦ ክንዱ አጭር ከሆነ ከ28 ወይም ከ30 በላይ አይቀበልም፣ ረጅሙ ክንድ ያስፈልጋል። ካቴናውም አብሮ ይረዝማል። ይህን የዘለለ ሰው ዳገት ላይ በስሕተት ትልቁን የፊት ጥርስ ከትልቁ የኋላ ጋር ሲያገናኝ ካቴናው ይወጠርና ማርሽ ቀያሪውን ይገነጥለዋል። በዚያ ገጠር መለዋወጫው ላይገኝ ይችላል።

ጎማው 25 ሆኖ መሄድ የለበትም። በገጠር ያለው አስፋልት አብዛኛው ሬንጅ ተረጭቶ በላዩ ኮረት የተበተነበት ሻካራ ንጣፍ ነው፤ ጠባብና የተወጠረ ጎማ በዚያ ላይ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይፈጥንም። ቦግ በሚባለው ረግረግ ላይ ያለፈው መንገድ ደግሞ ሥሩ የበሰበሰ ተክል የፈጠረው ለስላሳ ጥቁር አፈር ስለሆነ በየቦታው ይሰምጣል፣ አስፋልቱም እንደ ማዕበል ይሆናል። በዚያ ላይ በፍጥነት ስትወርዱ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ። ፍሬማችሁ ከቻለ 30 ወይም 32፣ ካልቻለ 28 ግጠሙ። ለ75 ኪሎ ሰው በ32 ጎማ ከኋላ 4 ባር የአየር ግፊት፣ ከፊት 3.7 ይበቃል፤ በ28 ጎማ ከኋላ 5፣ ከፊት 4.6። ዝናብ ሲጥል ከሁለቱም ትንሽ አስተንፍሱ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት የውስጥ ጎማ፣ አንድ የእጅ ፓምፕ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ የካቴና ማያያዣ፣ በጎን ለተቀደደ ጎማ ደግሞ ወፍራም ላስቲክ ቁራጭ። ስለ አጥሩ እሾህ ብዙ ትሰሙ ይሆናል፦ በሪፐብሊኩ ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 አጥር መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እሾሁ አስፋልት ላይ የሚረግፈው በመከርና በክረምት ነው። እናንተ በምትሄዱበት ወር የጎማ ጠላቱ የተበተነው ኮረት ነው።

መንገዱን በተመለከተ ውሳኔዬ ይህ ነው፦ ኪንግፊሸርን ተዉት፣ ሻንጣ ተሸክማችሁ ከከተማ ከተማ አትዙሩ፣ በካሪክ-ኦን-ሻነን አንድ ማረፊያ ያዙና በየቀኑ ከዚያ እየተነሣችሁ ዙሩ። ከተማዋ በሻነን ወንዝ ዳር፣ በዱብሊን–ስላይጎ የባቡር መስመር ላይ ናት፤ ከዱብሊን ኮኖሊ ጣቢያ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ፈርማና ውስጥ ግን ከ1957 ወዲህ ባቡር የለም። ከካሪክ የሚነሡት ሦስቱ ዙሮች ሁሉ ከድንበሩ በዚህ ወገን ናቸው፤ ሦስታችሁም አብራችሁ መንዳት ትችላላችሁ። ዝናብ ከጠና ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ መመለስ ይቻላል። ከከተማ ከተማ የሚሄድ ሰው ይህ አማራጭ የለውም።

የመጀመሪያው ዙር ሎኽ አለን ነው። ከካሪክ ተነሥታችሁ በሊትሪም መንደር በኩል ድራምሻንቦ ትደርሳላችሁ፤ ሐይቁን ከዚያ ዞሮ መመለስ ወደ 48 ኪሎ ሜትር ነው። ከካሪክ ተነሥቶ ካሪክ እስኪመለስ 75 ገደማ ይሆናል። ከድራምሻንቦ በስተምሥራቅ ዳርቻ አር 207 በተባለው መንገድ ወደ ሰሜን ውጡ። በስተቀኝ ስሊቭ አን ኢራን፣ የብረት ተራራ ማለት ነው፣ እስከ 585 ሜትር ይነሣል፤ በስተግራ ሐይቁ። በሰሜን ጫፍ ያለችው ዳውራ የሻነን ወንዝ የሚያቋርጣት የመጀመሪያዋ መንደር ናት። ከዚያ በአር 200 ወደ ድራምኪራን፣ ከድራምኪራን በአር 280 ወደ ደቡብ። አር 280 ላይ ከሊትሪም ደን የተቆረጠ ግንድ የጫኑ ከባድ መኪኖች አሉ፤ በመስመር ተከታትላችሁ ንዱ። ሁለት ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መንዳት ሕጉ ይፈቅዳል፣ እዚህ መንገድ ላይ ግን ጥበብ አይደለም።

ጉልበት ከተረፋችሁ በዚህኛው ዳርቻ ወደ አሪኛ ውጡ። እስከ 1990 የድንጋይ ከሰል ይወጣበት የነበረ ኮረብታ ነው፤ ዳገቱ በቦታ በቦታ ከ10 በመቶ ያልፋል፤ ከላይ ግን ሎኽ አለን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ከአራቱ ቀን አንድ ዳገት ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ይህን ነው። ስትወርዱ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ በተለይ ጎማውን በጠርዙ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሰው። እርጥብ ጠርዝ ላይ የመጀመሪያው ሰከንድ የሚሄደው ውኃውን በመጥረግ ነውና ፍጥነታችሁን ከመታጠፊያው ቀድማችሁ ቀንሱ።

አገሩ በግራ የሚነዳበት መሆኑ የዙሩን አቅጣጫም ይወስናል። ሐይቁን በግራ እጃችሁ አድርጋችሁ፣ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ከዞራችሁ በውኃው በኩል ባለው መስመር ላይ ናችሁ፤ መታጠፊያውም አብዛኛው ወደ ግራ ስለሚሆን ከፊት የሚመጣ መኪና አታቋርጡም። በቀኝ መንዳት ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሕተት የሚፈጠረው መንገድ ላይ እያሉ ሳይሆን ከሱቅ ወጥቶ፣ ባዶ መንገድ ላይ ጉዞ ሲጀመር ነው፤ እግር በልማዱ ወደ ቀኝ ይወስዳል። ነፋሱን ግን አስቡበት፦ የሚበዛው ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ወደ ዳውራ ይገፋችኋል፣ ከድራምኪራን ስትመለሱ ፊት ይመታችኋል። 

ሁለተኛው ዙር ከ60 እስከ 65 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለእኔ ከሦስቱ የሚበልጠውም እሱ ነው። ከካሪክ በኩትሆል በኩል ወደ ኖክቪካር፣ የሎኽ ኪን ሰሜናዊ ወገን ይዞ ወደ ኮሪጊንሮ፣ ከዚያ በሎኽ አሮው ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ባሊንዱን። በባሊንዱን የዶሚኒካን መነኮሳት ገዳም ፍርስራሽ ውኃው ዳር ቆሟል፤ ለምሳ የሚሆን ቦታ ነው። ከሐይቁ ማዶ በኮረብታው ላይ የሚታዩት የድንጋይ ክምሮች የካሮኪል መቃብሮች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአምስት ሺህ ዓመት ያላነሰ ነው። ሎኽ አሮውን ሙሉ ለመዞር አትሞክሩ። ምዕራባዊው ወገን ዋናው የዱብሊን–ስላይጎ መንገድ ኤን 4 ነው፤ ጭነት መኪና ያለማቋረጥ ይፈስበታል። ከባሊንዱን ወደ ባሊፋርነን ታጠፉ፣ ከዚያ ኪዱ፣ ሊትሪም መንደር፣ ካሪክ። ኪዱ አጠገብ በ1738 የሞተው ዓይነ ስውሩ በገና ደርዳሪ ተርሎ ኦካሮላን የተቀበረበት ኪልሮናን አለ።

ሦስተኛው የደከመ እግር ዙር ነው፦ ካሪክ፣ ኬሽካሪገን፣ ፌና፣ ባሊናሞርና መልስ፣ ወደ 60 ኪሎ ሜትር። በ1994 ታድሶ የተከፈተውን የሻነን–ኧርን ቦይ ይከተላል። ቦዩ 63 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 16 የውኃ መቆለፊያ አለው፤ ጀልባ ደረጃ በደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ለዕረፍት ጥሩ ሰበብ ነው። ጉብታው የሚበዛው በዚህ ዙር ነው፤ ሆኖም ሁሉም አጫጭር ናቸው። በሊትሪም መንደርና በድራምሻንቦ መካከል ሌላውን፣ የሎኽ አለንን ቦይ ተከትሎ የተሠራው ብሉዌይ የሚባለው የእግርና የብስክሌት መንገድም በካርታችሁ ላይ ይወጣል። ለቤተሰብ ሽርሽር የተሠራ፣ አብዛኛው የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው፤ ለቀጭን ጎማም ለፍጥነትም አይሆንም። አክረስ ሐይቅ ላይ ያለው ተንሳፋፊ የእንጨት መተላለፊያ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ እግረኛም ይበዛበታል፤ ወርዳችሁ ግፉ።

አራተኛው ቀን ለሎኽ ኧርን ነው ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ሊሄድ የሚችለው ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። ታችኛውን ሎኽ ኧርን ከኤኒስኪለን ተነሥቶ በካስል አርክዴል፣ በኬሽ፣ በቦዋ ደሴትና በቤሊክ ዞሮ መመለስ ከ90 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ትልቁ ጥንቃቄ መልሱ ላይ ነው፦ ከቤሊክ ወደ ኤኒስኪለን በሐይቁ ደቡባዊ ዳር የሚሄደው ኤ 46 በካርታ ላይ ያምራል፣ መሬት ላይ ግን ጠባብና መኪና የሚበርበት ነው። በእሱ ፈንታ ከኋላው ባለው የሎኽ ናቫር ጫካ በኩል ውጡና በደሪጎነሊ ተመለሱ። ከማጎ ገደል አናት፣ ወደ 300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሐይቁ በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ነው። ነገር ግን ካሪክና ኤኒስኪለን በብስክሌት 65 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ በአንድ ቀን ደርሶ፣ ዞሮ መመለስ አይቻልም። አንድ ሌሊት ኤኒስኪለን ማደር ይጠይቃል፤ ያ ማለት ሦስተኛው ጓደኛችሁ ካሪክ ብቻውን ይቀራል። እኔ ብሆን ይህን ዙር ለሌላ ዓመት፣ የሦስቱም ወረቀት ሲሟላ እለው ነበር። አራተኛውን ቀን ለዝናብ መጠባበቂያ አድርጉት፤ በአየርላንድ ምዕራብ ከአራት ቀን አንዱ መበላሸቱ አይቀርም። ካልተበላሸ ከዳውራ ወደ ብላክላየን በሚወስደው መንገድ ሄዳችሁ ከኩልካ ተራራ ሥር ያለችውን የሻነን ምንጭ ማየት ትችላላችሁ። ያም በሪፐብሊኩ ውስጥ ነው፤ ብላክላየን ላይ ያለውን ድልድይ ግን አትሻገሩ፤ ማዶ ያለችው ቤልኩ ሰሜን አየርላንድ ናት።

በትንንሾቹ መንገዶች ላይ የሚያሰጋው የመኪና ብዛት አይደለም። ግማሽ ሰዓት ምንም ሳታዩ ትነዱና ከመታጠፊያው ኋላ መንገዱን ሙሉ የያዘ ትራክተር ታገኛላችሁ። ጁን የመጀመሪያው የሣር አጨዳ ወቅት ነው። ገበሬው ዝናብ ሳይቀድመው ለመሰብሰብ እስከ ማታ ይሮጣል፣ ተጎታቹም ሰፊ ነው። በሪፐብሊኩ የገጠር ትንንሽ መንገዶች የፍጥነት ወሰን ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ወርዷል፤ ጥሩ ነው፣ ግን በመንገዱ መሃል ሣር በበቀለበት ጠባብ መንገድ 60ም ብዙ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ እስከምታዩት ርቀት ድረስ መቆም በምትችሉበት ፍጥነት ውረዱ። ከትራክተር ጎማ የወደቀ ጭቃና ከብት የተሻገረበት እበት ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው፤ በላዩ ላይ አትታጠፉ፣ ፍሬንም አትያዙ፣ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። አዲስ ኮረት የተበተነበት ቦታ ላይም እንዲሁ፤ መኪና የጠረገውን የጎማ ዱካ ተከተሉ። የእርሻ ውሻ ተንደርድሮ ቢመጣ ከብስክሌቱ ወርዳችሁ ብስክሌቱን በመሃል አድርጉና በእግር ሂዱ፤ ከግቢው ሲርቅ ይተዋችኋል።

ቀኑ ረጅም ነው፣ በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ዝናብ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ከቀትር በኋላ መውጣት ይቻላል። መብራትና የሚያብረቀርቅ ልብስ ግን ቀንም ቢሆን አይቅር፤ የዛፍ ጥላ የከደነው መንገድ ጨለማ ነው። ነፋስ በሌለበት ማታ ውኃ ዳር ቁጭ ካላችሁ ሚጅ የሚባለው ጥቃቅን ትንኝ ይነክሳል። እየነዱ እያለ አይደርስባችሁም።

ወደ ምግቡ። መንደሮቹ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ በየመንደሩ ያለው አንድ ሱቅ፣ አንድ መጠጥ ቤት ነው። በነዳጅ ማደያ ሱቆች ትኩስ ምግብ አለ፣ ግን አብዛኛው ሥጋና ቅቤ ነው፤ ዳቦውን ሲያዘጋጁም ሳትጠይቋቸው ቅቤ ይቀቡበታል፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለጾም የሚሆነው በውኃ የተሠራ የአጃ ገንፎ፣ በቲማቲም የታሸገ ባቄላ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የለውዝ ቅቤ ነው። የድንች ጥብስ ስታዙ በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ፤ በከብት ስብ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። እስከ ቀትር ሳይቀምሱ ለመቆየት ላሰበ ሰው ግን የምነግረው ቁርጥ ነው፦ በዚህ መንገድ ላይ በባዶ ሆድ አይነዳም። ወይ ጉዞው ከቀትር በኋላ ይጀመር (ቀኑ ይበቃል)፣ ወይ ነገሩ ከነፍስ አባት ጋር ቀድሞ ይነጋገር። በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሁለት ትልልቅ ሙዝ ወይም አንድ እፍኝ ተምር፣ ካልተሞላ ከሁለት ሰዓት በኋላ እግር ይከዳል። የመጠጥ ቤቶች ወጥ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ይዘጋል፤ ረጅሙ ብርሃን አታልሏችሁ ራት አያምልጣችሁ።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይምሰል፦ የጓደኛችሁ የአየርላንድ ቪዛ ማመልከቻ በመጀመሪያ፤ ከጉዞው ሦስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፣ ያኔውኑ ያስገባ። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ የትም አትክፈሉ። ቀጥሎ ባቡሩ። በስላይጎ መስመር ለብስክሌት የተመደበው ቦታ በየባቡሩ ጥቂት ነው፣ ትኬት ሲቆረጥ አብሮ መያዝ አለበት፤ ለሦስት ብስክሌት በአንድ ባቡር ቦታ ላይገኝ ስለሚችል አንዳችሁ በሚቀጥለው ባቡር ለመሄድ ተዘጋጁ። ማረፊያ ስትይዙ ብስክሌት የሚቆለፍበት የተከደነ ቦታና የረጠበ ልብስ ማድረቂያ እንዳለ በስልክ ጠይቁ።